ጥላ በአጥሩ ያልተወረወረችበት ቀን

እውነቱን ልናገርና፣ የኔ ጣውንት ወረቀት ነበረች። ሰው ብትሆን ፀጉሯን ይዤ አዋሽ ድልድይ ድረስ እጎትታት ነበር። ወረቀት ምኗ ይያዛል? ስሟ ጥላ ይባላል፣ መጽሔት ናት። ባሌ ካሣ ወለዳት፣ አሳደጋት፣ እሷም አደገችና ቤቴን ሞላችው። ከአልጋው ሥር ጥላ፣ ብፌው ላይ ጥላ፣ በሩ ኋላ ጥላ። እንግዳ ሲመጣ መቀመጫ አጥቶ የጥላ እስር ላይ ይቀመጣል፤ ያኔ ካሣ «ቆይ ቆይ፣ የትኛው ዕትም ላይ ነው የተቀመጥከው?» ብሎ ሰውየውን ያስነሳዋል። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያገባሁት።

ካሣ አዋሽ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው፤ ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ያለው። ሰው ሁሉ ሞባይል ሲይዝ ፏፏቴው ፊት የሚቆም ጠፋ። የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ፈልጎ ካልሆነ ዝር የሚል የለም። አንድ ቀን ምሳ አቅርቤለት፣ የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ፣ «ውቤ፣ መጽሔት ላወጣ ነው» አለኝ።

«ምን የሚል መጽሔት?»

«ስለኛ ነዋ! የኛ ሰርግ፣ የኛ ቤት፣ የኛ ምግብ፣ የኛ አለባበስ። የአዲስ አበባዎቹ የአዋሽን ሰው መቼ አሳይተው ያውቃሉ?»

«የአዋሽን ሰውማ በየቀኑ በነፃ እያየነው አይደል እንዴ! ማን ገንዘቡን አውጥቶ ያየዋል?» ብዬ ሳቅሁበት። ስቄ ቀረሁ። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ አየ።

መላውን ያመጣለት አብዱናሲር ነው። አብዱናሲር ሰመራ ውስጥ የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቅ ያለው የአፋር ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ሰላምታውን የሚጨርስ። ካሣ በመጀመሪያ የአካባቢውን ወሬ ሊጽፍ ነበር ሐሳቡ። አብዱናሲር «ካሣ ወንድሜ፣ እዚህ አገር ወሬ አትሽጥ። ወሬ ዳጉ አለው» አለው። ዳጉ ማለት ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ አረፍ ብለው፣ ያዩትንና የሰሙትን አንዱ ለአንዱ የሚያቀብሉበት ወግ ነው። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ነው የሚናገረው። ከኪሱ የጨመረ እንደሆነ ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የለም። ጭፍራ ላይ ግመል ብትጠፋ ሰርዶ ያለ ሰው ቀለሟን ይነግርሃል። «ያንተ ወረቀት አዲስ አበባ ታትሞ እስኪመለስ ወሬው ሸብቶ ይጠብቅሃል» አለው አብዱናሲር። «አንተ ፊት አሳያቸው። ዳጉ ፊት የለውም።»

ካሣም ፊት አሳየ። የመጀመሪያዋ ጥላ ሽፋን ላይ የወጣችው ኢህሳን ናት፣ በሙሽራ ልብሷ፣ ከራሱ ከአብዱናሲር ጋር። ኢህሳን የጋሼ ሰላሀዲን ልጅ ናት። ጋሼ ሰላሀዲንን ደግሞ ሳላስተዋውቅ ባልፍ አፌ ይጣመም። ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ተነስቼ በልጅነቴ አዋሽ ስወርድ የማውቀው ሰው አልነበረኝም፤ ሆቴላቸው ወስደው ሥራ ሰጡኝ። ራሳቸው ሰላታቸውን የማያጓድሉ እስላም ናቸው፤ በኔ የጾም ቀን ግን «የውባንች ሽሮ ቅቤ እንዳይነካው» እያሉ የብቻዬን ድስት ያሠሩልኝ ነበር። ካሣ ሽማግሌ የላከው እሳቸው ዘንድ ነው፤ አባት ሆነው የዳሩኝ እሳቸው ናቸው። ኢህሳንን እኔ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኳት። ኋላ ሰመራ ስትዳር ግማሽ ልቤ አብሯት ሄደ።

ያቺ የመጀመሪያዋ ጥላ በሳምንቱ አለቀች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አይጠይቁኝ። ሙሽራ የሚሆን ሁሉ ሰርጉን በጥላ መውጫ ቀን ይቆርጥ ጀመር። ሎጊያ ያሉ መካኒኮች፣ እጃቸው ዘይት የጠጣ ወንዶች፣ ፂማቸውን ተላጭተው ጎማ ክምር ላይ ቆመው ይነሳሉ። «የወሩ ቤት» የሚባል ገጽ ነበር፤ ካሣ የአንድ ሰው ሳሎን ገብቶ ያነሳል። ወይ ጉድ! ሰው ለዚያች ገጽ ግድግዳ ቀለም ቀባ፣ መጋረጃ ሰፋ። ሶፋ የሌለው ደግሞ የኔን ሶፋ ይዋሳል። ቀይ ሶፋዬ በጋሪ ተጭና ከተማውን ዞረች። አራት ሰው ቤት ተነስታለች፤ አራቱም «ከጅቡቲ ያስመጣኋት» ብለዋል። እኔ ያን ሰሞን የምቀመጠው ዱካ ላይ ነው። ካሣን «የኔን ቤት መቼ ነው የምታወጣው?» ስለው «ባዶ ነው እኮ» አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?

ከሁሉም የምወድላት ማራገቢያነቷን ነበር። ሽፋኗ ወፍራም ነው፣ ንፋስ ታወጣለች። ከአዋሽ እስከ ሰመራ፣ በዚያ ሙቀት፣ በየሻይ ቤቱ ሰው አንብቦ ሲጨርስ ያራግብባታል። ካሣ ይናደዳል፤ እኔ «ሌላ ምን ትጠቅማለች?» እለዋለሁ።

አንድ ልማድም ተፈጠረ። ጥላን ከአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ወደ ሰመራ የሚያደርሳት የሚኒባስ ሹፌር ቻላቸው ነው። የኢህሳን ቤት ከአስፋልቱ ዳር ስለሆነ፣ ወደ ባሏ ሱቅ ከመሄዱ በፊት እዚያ ደጃፍ ክላክስ ያደርግና አንዷን ጥላ በአጥሩ ላይ ይወረውርላታል። የመጀመሪያዋ ሽፋን ስለሆነች የመጀመሪያዋ ቅጂ የሷ ናት። እሷም ክላክሱን ስትሰማ የያዘችውን ትታ ትሮጣለች። አንድ ቀን እንኳ ይህ ልማድ ተጓድሎ አያውቅም።

እንግዲህ የወጣ ይወርዳል። ሰው ሰርጉን ከድንኳኑ ሳይወጣ ስልኩ ላይ ያየው ጀመር። ወረቀት ተወደደ፣ ማስታወቂያ የሚያወጣው ሆቴል ቴሌግራም ከፈተ፣ በየወሩ ትወጣ የነበረችው ጥላ በየሁለት ወሩ፣ ኋላም እግዜር ባለ ጊዜ ሆነች። ካሣ ከሳ። በእንቅልፉ «ሽፋን፣ ሽፋን» እያለ ይቃዣል። «ተዋት በቃ» ስለው «አንቺ ምኗን ታውቂያለሽ» ብሎ ይቆጣል። ሙሽራው ሲጠፋበት የሐዘን መግለጫ ገጽ ጨመረ፤ ዘመድ የሞተበት ነጋዴ ፎቶ አምጥቶ «ነፍስ ይማር» ያስብላል። «ካሣ፣ ሙሽራ ሲያልቅብህ ሬሳ ጀመርክ?» አልኩት። ለሦስት ቀን አኮረፈኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ጋሼ ሰላሀዲን ሞቱ። ጁምዓ ሰግደው መጥተው፣ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ወንበር ስበው፣ «ውሃ ስጡኝ» ብለው፣ ውሃው ሳይደርስ። የዚያኑ ዕለት ተቀበሩ። እኔ ለቅሶዬን ገና ስጀምር ሚስታቸው እትዬ ሙኒያ ጓዳ ጠርተው እጄን ያዙኝ። ያሉኝ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል።

«ውባንች፣ ተነሺና ሰመራ ሂጂ። ኢህሳን ወሯ ነው። ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱም አልሆነላትም። አሁን ደግሞ ደሟ ከፍ ብሏል፣ ሐኪሙ እንዳትደነግጥ ብሏል። አብዱናሲርን ነግሬዋለሁ፣ ስልኳን ደብቆባታል። እስክትወልድ ይህ ነገር ጆሮዋ አይግባ። አንቺ ሳቂ ነሽ፣ አጠገቧ ሆነሽ አስቂያት።»

«እትዬ ሙኒያ፣ እኔ? እኔ እኮ ካልተናገርኩ የምሞት ሰው ነኝ!»

«አውቃለሁ። ሙቺያ» አሉኝ። ባላቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው እንዲህ የሚሉኝ። 

ሄድኩ። እንግዳ ሰው ደውሎ ሐዘኑን እንዳይናገርብኝ ስልኬን ጠርቅሜ ዘጋሁት። ሰመራ ስደርስ ኢህሳን ግቢው ውስጥ፣ ዳሱ ሥር፣ የገመድ አልጋ ላይ ጋደም ብላ ነበር፤ እግሯ አብጧል፣ ፊቷ ግን ያው የልጅነቷ ፊት ነው። «ውቤዬ! አባዬ ደህና ነው? ስልኬ ተበላሽቶ ድምፁን ከሰማሁ ሰነበትኩ» አለችኝ። «ደህና ናቸው፤ ያው አስተናጋጆቹ ላይ ሲጮሁ ነው የሚውሉት» አልኳት። አልኳትና ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ። ሆድ ይፍጀው ሲሉ እሰማ ነበር እንጂ ሆድ እንዴት እንደሚፋጅ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የገረመኝ ከተማው ነው። ያ ሰው ነጠላ ሲገዛ እንኳ የሚወራበት ከተማ! ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሻይ ይዘው ይመጣሉ፣ ዓይኔን አይተው ዓይናቸውን ይሰብራሉ፣ ከሷ ጋር ግን ስለ ሕፃን ስም ይሟገታሉ። አብዱናሲር «ለሰው ስነግር እስከ መጨረሻው ነው የነገርኩት፤ ሞታቸውንም፣ ማን መስማት እንደሌለበትም» አለኝ። «ዳጉ እንዲህ ነው። ወሬ ሲሰጥህ አያያዙንም ይሰጥሃል።»

በማግስቱ ካሣ ናፈቀኝ። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ነበር፤ ጋሼ ሲሞቱም እዚያው ነው፣ ለቀብሩ አልደረሰም። ጥዋት ወደ ረፋዱ፣ ስልኬን ከፍቼ አጥር ጥግ ሄጄ ደወልኩለት። ድምፁ ዘግቷል፣ ሲያለቅስ ነው ያደረው።

«ውቤ፣ የት ጠፋሽ? ስንት ጊዜ ደወልኩ! ጋሼን ቀበራችሁልኝ?»

«ቀበርን። ማን ነገረህ?»

«አንድ ሰው ደውሎ ‹ጋሼ ሰላሀዲን ሞቱ› ብሎ ዘጋው። እኔ ግን ዝም አላልኩም። ማሽኑ ሊጀምር ሲል አስቁሜ ጀርባ ሽፋኑ ላይ የነበረውን ማስታወቂያ አስነስቼ ጋሼን አስገባሁ። ሙሉ ገጽ! ኢህሳን ሰርግ ላይ ሲስቁ ያነሳኋቸው ፎቶ። ጥዋት በማለዳ ለቻላቸው ጭኜለታለሁ፤ ይኸው ወደናንተ እየመጣ ነው።»

 አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ልጮህ አፌን ስከፍት ኢህሳን ከዳሱ ሥር «ካሣ ነው? ሰላም በይልኝ! ጥላ ዛሬ ትገባለች ወይ በይው፣ እየጠበቅኳት ነው!» አለች። በፈገግታ እጄን አወዛወዝኩላት። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ካገባሁት ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ያልሰደብኩትን ስድብ ሰደብኩት።

«አንተ ሰው፣ ኢህሳን አታውቅም! እስክትወልድ እየደበቅን ነው! ቻላቸው ያንን ፎቶ በአጥር ወርውሮ ሊገድላት ነው!»

 «ወይኔ ካሣ!» አለ። እኔም አልፈረድኩበትም፤ ፈረድኩበት እንጂ አልቆየሁበትም። የወደደውን ሰው በሚያውቀው መንገድ ማክበሩ ነው። የነገረው ሰው ግማሹን ነግሮ ስልኩን ባይዘጋ ምን ነበር!

ቻላቸው ጋ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ቻላቸው ሲነዳ ስልክ ያጠፋል። ሁልጊዜ የምናመሰግነው ለዚህ ነው፤ ያን ቀን ረገምኩት። ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ ወደ አብዱናሲር ሱቅ ሮጥኩ። ነገሩን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ሚስቱ ናት፣ ልጁ ነው። «ገና ሚሌ አልደረሰም» አለ ሰዓቱን አይቶ። «ግን እኮ በየመንገዱ ያወርዳል። ገዋኔ አውርዷል፣ ሚሌ ያወርዳል፣ ሎጊያ ያወርዳል። የሎጊያው ሰው ሁሉ ይዟት ቤቴ ይመጣል። አንዱን ይዘን አንዱን ብንለቅ ዋጋ የለውም።»

ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሚሌ ላለ አጎቱ ደወለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ ቆሜ እየነደድኩ ሰውየው ሰላምታ ጀመረ! የአጎቱን ጤና ጠየቀ፣ የልጆቹን ጠየቀ፣ የፍየሉን፣ የግመሉን፣ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ፣ ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ። በአፋርኛ ቢሆንም ዓመታት ኖሬበታለሁና ይገባኛል። ከወዲያም አጎቱ በተራው ይጠይቃሉ። «አብዱናሲር! ሚኒባሱ እኮ እየመጣ ነው!» ብዬ ክንዱን ጎተትኩ። ስልኩን በእጁ ሸፍኖ «እትዬ ውባንች፣ ሰላምታ የሌለው ወሬ የተባረረ ሰው ወሬ ነው፤ ማን ያምነዋል?» አለኝና ወደ ፍየሎቹ ተመለሰ። ስልኩን ንጠቂው ንጠቂው አለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ «እመቤቴ ሆይ፣ ፍየሎቹን በቶሎ አስጨርሻቸው» እያልኩ ጸለይኩ።

ሰላምታው አለቀ። ከዚያ ሁሉን ተናገረ፤ የማን አባት እንደሞቱ፣ ፎቶው የት ላይ እንዳለ፣ ልጅቱ የት እንዳለች፣ ስንት ጊዜ እንዳልሆነላት፣ ወረቀቱን ያየ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት። አጎቱ አንድ ቃል ብቻ መለሱ፤ «ሰማሁ።» ለገዋኔም፣ ለሎጊያም እንዲሁ ደወለ፣ እንዲሁ ከነፍየሉ። ሲጨርስ ፊቱን በሁለት እጁ አበሰና «ከዚህ በኋላ የአላህ ነው» አለ።

ወደ ኢህሳን ተመለስኩ። ምሳ ሰጠኋት፣ ራሷን ሠራኋት፣ ስለ ቀይ ሶፋዬ አወራኋት። እሷ ትስቃለች፣ እኔ ጆሮዬ አስፋልቱ ላይ ነው።  የአስር ሰላት ካለፈ በኋላ ሆነ። ክላክሱ ጮኸ።

ያው የቻላቸው ክላክስ፣ ሁለት አጭር አንድ ረጅም። ኢህሳን «መጣች!» ብላ ከአልጋው ልትነሳ ተንቀሳቀሰች። «ተኚ!» አልኳት፣ እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ወደ አጥሩ ስሮጥ አንድ ነገር በአየር ላይ አለፈ። እጄን ዘርግቼ ለመያዝ ዘለልኩ። እኔ፣ በዚህ ሰውነቴ! አልያዝኩትም፤ በራሴ ላይ አልፎ ኢህሳን እግር ሥር ወደቀ፣ ፌስታሉ ተቀደደ፣ ብርቱካን በግቢው ሁሉ ተንከባለለ።

ብርቱካን ብቻ ነበር።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ቻላቸው መሪው ላይ ተደግፎ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ያየኛል። «ሚሌ ኬላ ላይ አንድ ሽማግሌ አስቆሙኝ» አለኝ በሹክሹክታ። «መኪናዬን ሳያዩ ‹ወረቀቱን አውርድ› አሉኝ። ሁሉንም አወረድኩ። ግን ክላክሱን ካጣች ትጠራጠራለች ብዬ ነው ያንጫረርኩት። ‹ጥላ ዘግይታለች፣ እስከዚያ ብርቱካን ትብላ› በያት።»

እዚያው አስፋልቱ ዳር በመስኮቱ አንገቱን አቅፌ ሳምኩት። የሚያዩን ሰዎች ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ግድም የለኝም።

ስመለስ ኢህሳን ብርቱካኑን እያየች ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «ካሣ ደግሞ ከመጽሔት ወደ ብርቱካን ገባ እንዴ?» እያለች፣ እንባዋ እስኪወርድ። እኔም ሳቅሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። እየሳቀች መሀል ላይ ቆም አለች። «ውቤ፣ ወገቤን» አለች።

አብዱናሲር ባጃጅ ይዞ መጣ፣ ሆስፒታል ገባን። አዋላጆቹ ተቀብለዋት በሩን ዘጉብን። መተላለፊያው ላይ ሰው ተደርድሮ ተቀምጧል፣ ሙቀቱ አይጣል ነው። እኔ «ማርያም ማሪያት፣ ማርያም ማሪያት» እላለሁ፤ አብዱናሲር ከጎኔ ዱዓ ያደርጋል። ቀና ስል ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንዲት ሴት ያራግባሉ። የሚያራግቡት በጥላ ነው።

 አዲሷ ናት፣ የፊት ሽፋኗን አወቅኋት። በሩ ቢከፈት፣ ኢህሳን በአልጋ እየተገፋች ብትወጣ፣ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ተነስቼ ያለ ሰላምታ፣ ያለ ምንም፣ ከእጃቸው ነጥቄ ገለበጥኳት። ጀርባዋ የለም። ጀርባ ሽፋኑ ከነስፌቱ በጥንቃቄ ተገንጥሏል።

ሴትዮዋ አልተቆጡም። «ቀስ በይ ልጄ» አሉኝ። ኸሊዳ ይባላሉ፣ ምራታቸው ልትወልድ ከገዋኔ ድረስ የተጠሩ የአፋር እናት ናቸው። «ገዋኔ ላይ ገዛሁት። ሎጊያ ስደርስ የሰማሁትን ሰማሁ። አባቷ ናቸው አሉ፣ እሷ አታውቅም አሉ።» እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ከተው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡና መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። «የሰው ፊት መንገድ ላይ አይጣልም ብዬ ያዝኩት። ወልዳ ስትነሳ ትሰጫታለሽ።»

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩና የሴትዮዋን ጉልበት አቀፍኩ። እኚህን ሴት አላውቃቸውም፣ አያውቁኝም። ቆይተን የሕፃን ድምፅ ሰማን፤ ቀጭን፣ የተቆጣ፣ ልክ እንደ አያቱ አስተናጋጅ ላይ የሚጮህ። አዋላጇ ብቅ ብላ «ወንድ ነው፣ እናቱም ደህና ናት» አለች። አብዱናሲር «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። ያ ቤት ቢቃጠል የማይቸኩል ሰው፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ልጁን ሊያቅፍ ገባ።

መርዶው የተረዳው ኢህሳን በርትታ፣ ደሟም ወርዶ፣ ሐኪሙ «አሁን ይቻላል» ካለ በኋላ ነው። እንደ ወጉ በማለዳ፣ እትዬ ሙኒያ ከአዋሽ ሽማግሌዎች ጋር መጥተው። ገና ከበሩ ሲገቡ አይታ ገባት። ምን ያህል እንዳለቀሰች አልናገርም። እኔ ግን ስንት ቀን ሆዴ ውስጥ ያፈንኩትን ያን ቀን ለቀቅሁት፤ ደረቴን እየደቃሁ፣ «ሽሮዬን ለብቻ የሚያሠሩልኝ!» እያልኩ፣ እስኪወጣልኝ። እትዬ ሙኒያ ራሳቸው ናቸው «በቃሽ፣ ሙቺ ያልኩሽ የምሬን አይደለም» ብለው የያዙኝ። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ካሣ ሰመራ መጥቶ ወረቀቱን ከየቦታው ሰበሰበ። ከገዋኔ፣ ከሚሌ፣ ከሎጊያ የተመለሰችው ጥላ ሁሉ ጀርባ አልነበራትም። ገጾቹ ለብቻ ታጥፈው መጡ፤ አንድም ሰው አልጣለም። ካሣ እስሩ ላይ ቁጭ አለና «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዲገልጥልኝ እየለመንኩ ኖሬ፣ ያን ቀን እንዲዘጋልኝ ለመናችሁልኝ። ዘጋልኝ። ከዚህ በላይ ምን አንባቢ እፈልጋለሁ? ውቤ፣ ጥላ በቃት» አለኝ። ያዝናል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ያን ሌሊት ሳይቃዥ ተኛ፤ ጥዋት ሲነሳ ቁርስ ደገመ። አሁን ሰርግ ቤት እየሄደ ፎቶ ያነሳል። ሶፋዬ ቤቷ ገብታለች፣ ከአልጋችን ሥርም ወለሉ ይታያል።

ሰሞኑን ኢህሳንን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሕፃኑ ዳሱ ሥር ተኝቷል፣ ስሙ ሰላሀዲን ተብሏል። «ውቤ፣ ያን ቀን ጥላ መጥታ ነበር አይደል?» አለችኝ። «ቻላቸው ብርቱካን ሲወረውር አይቼ አላውቅም።» እስካሁን በቦርሳዬ ይዤ የምዞረውን የኸሊዳን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋት። ዘረጋችው። ጋሼ በሷ ሰርግ ቀን፣ ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ ይስቃሉ።  ታለቅሳለች ብዬ ልይዛት ተነሳሁ።

አላለቀሰችም። ሙቀቱ በርትቶ ነበር፣ ልጁ በእንቅልፉ ተነጫነጨ። ኢህሳን ያንን ወፍራም ገጽ በሁለት ጣቷ ያዘችና የአባቷን ሳቅ ወደ ልጁ አዙራ ቀስ እያለች ታራግብለት ጀመር። ልጁ ዝም አለ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ ጣውንቴን ይቅር አልኳት።